ከእሳት ላይ የወረደ ድስት

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ወንድሜ ርቦት ድስቱን ከከሰል ምድጃው ላይ ሊያወርድ እጁን ሲዘረጋ እማዬ በማማሰያው ጣቶቹን መታችው።

«እጅህን ሰብስብ!»

«በስሏል እኮ እማዬ።»

«ሲበስል እኔ አወርደዋለሁ። አንተ ተማሪ ነህ፣ ቁጭ ብለህ ብላ።»

ወንድሜ ጣቶቹን እየነፋ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። የተጣደው ቂንጬ ነበር። በዚያን ጊዜ ቂንጬ እወድ ነበር።

ከየት መጀመር እንዳለብኝ ብዙ አስቤያለሁ። ታሪክ የተማረው እሱ ነው። የቱ መቅደም፣ የቱ መከተል እንዳለበት የሚያውቀው እሱ ነበር። እኔ አስራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም፤ እዚሁ ነገሌ ውስጥ ባጃጅ እነዳ ነበር። ስለዚህ እንደሆነው አድርጌ እጽፋለሁ። ሌላ መንገድ አላውቅም።

ቤታችን ወታደር ሰፈር ነው፣ ከካምፑ አጥር ማዶ። በንጉሡ ጊዜ ለባለትዳር ወታደሮች የተሠሩ የረድፍ ቤቶች ናቸው ይባላል። በአንዱ ቤትና በሌላው መካከል ያለው ግድግዳ አንድ ብቻ ነው። ጎረቤት ሲያስነጥስ እኛ ከዚህ ሆነን «ይማርህ» እንላለን። ጎጃሜው፣ ወሎዬው፣ ወላይታው፣ የሐረር ሰው፣ ሁሉም ወታደር ሆኖ መጥቶ እዚህ የቀረ ነው። አባባም እንዲሁ ናቸው። ከሰሜን መጥተው፣ ቆስለው፣ እዚህ አግብተው ቀሩ። መንግሥት ሲለወጥ ጦሩ ተበተነ፤ እሳቸው የትምህርት ቤት ዘበኛ ሆኑ። ሰፈሩ ግን እስከ ዛሬ «ሃምሳ አለቃ» ነው የሚላቸው። እማዬ የዚሁ አገር ልጅ ናት፣ ጉጂ ናት። ስትቆጣ በአማርኛ ትቆጣለች። ከዚያ ሲብስባት ኦሮምኛ ነው።

ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ የገባ ጊዜ አባባ ሕግ ወይም ምሕንድስና ይማራል ብለው ነበር። ታሪክ ደረሰው። ታሪክ ደረሰኝ ብሎ ሲደውል አባባ «እሺ፣ ታሪክም ትምህርት ነው» አሉ። ለእረፍት ሲመጣ ግን የሚያወራው ሌላ ነገር አልነበረም። የንጉሠ ነገሥቱ ጦር እንዴት እንደተደራጀ፣ ስንቅ ማን እንደሚሸከም፣ ወታደር ሲዘምት ሚስቱ አብራው እንደምትዘምትና ወፍጮዋን ይዛ እንደምትሄድ ያወራል። እኛን የገረመን ስለ ነገሌ ያለን ነው። ንጉሡን የጣለው ነገር ከተጀመረባቸው ቦታዎች አንዱ ይሄ ከተማ ነው አለ። ወታደሮቹ በመጥፎ ምግብና በውኃ ተማረው እዚሁ ካምፕ ውስጥ አመፁ አለን። እማዬ «ውኃውማ ዛሬም አልመጣም» አለችው። እሱ ይሄን ለመምህሩ ነግሮት መምህሩ ስቆ አላባራም ይለናል።

አንድ የሚወዳት አባባል ነበረችው። «መጽሐፎቹ የራሶቹን የፈረስ ስም ያውቃሉ፤ የወታደሩን ሚስት ስም አያውቁም» ይላል። የመመረቂያ ጽሑፉን በዚህ ላይ ሊሠራ ነበር። ወታደር ጦር ሜዳ ሲሞት ቤቱ የቀረችው ሚስት ሞቱን እንዴት ነው የምትሰማው? ማን ይነግራታል? በስንት ሰዓት? ምን ብሎ? እሱን ሊጽፍ ነው የመጣው።

አሁን ችግሩን ልናገር። በሰፈራችን መርዶ የሚነግሩት አባባ ነበሩ።

ድሮም በጦሩ ጊዜ እሳቸው ነበሩ፣ አሁንም በእድሩ እሳቸው ናቸው። ሰው ሲሞት የእድሩ ሽማግሌዎች ሳይነጋ በራችን ላይ ቆመው «ሃምሳ አለቃ» ይላሉ። አባባ ተነስተው ፊታቸውን ይታጠባሉ፣ ጋቢያቸውን ይለብሳሉ፣ ይወጣሉ። ሲመለሱ አያወሩም። እማዬም አትጠይቅም። እኛ ልጆች እንደዚህ ሲሆን እያየን ነው ያደግነው፤ እንደ ማንኛውም ሥራ ነው የመሰለን። ወንድሜ ከዩኒቨርሲቲ መጥቶ ሊጠይቃቸው ሲቀመጥ አባባ ስለ ጦርነቱ ሁሉ ነገሩት። ስለ መርዶው አንድ ቃል አልተናገሩም። ያ እረፍት ከገባ ጀምሮ እየዞረ የሚያንኳኳው ይሄን አንድ በር ነበር።

ያን ቅዳሜ ጣቱን ከተመታ በኋላ ወንድሜ ቂንጬውን እየበላ እማዬን ጠየቃት።

«እማዬ፣ በዚህ ሰፈር ግን ሴቱ ሁሉ ድስቱን የማያስነካው ለምንድን ነው? ሌላ አገር እንዲህ አይደለም። የክፍሌ ልጅ እናት ቤት ሄጄ ‹አውርድልኝ ልጄ› ነው ያለችኝ።»

«ነውር ነው።»

«ለምን ነውር ሆነ?»

«ነውር ምክንያት አለው እንዴ? ብላ፣ ይቀዘቅዛል።»

ወንድሜ እኔን አየኝ። ይሄን አስተያየት አውቀዋለሁ። አንድ ነገር ሲሸተው እንዲህ ያያል።

«ሾፌር፣ እትዬ ጋ አድርሰኝ» አለኝ።

እትዬ የምንላት የረድፉ መጨረሻ ላይ ያለች ሴት ናት። ባሏ ወታደር ነበር፣ ሰሜን ሄዶ ቀረ። በሯ ላይ በርበሬና ቅቤ ትሸጣለች። በእግር ይደረሳል፤ ወንድሜ ግን ባጃጄ ውስጥ መቀመጥ ይወድ ነበር። የሚያውቁት ሁሉ እየጠሩት ነው የምናልፈው። «ዶክተር! አካም ቡልቴ? እንዴት አደርክ?» ይሉታል። «ናጋ» ይላል፣ እጁን እያወጣ። ከባጃጅ ነጂዎቹ አንዱ ጎን ለጎን እየነዳ «ዶክተር፣ የሞተ ሰው ታሪክ ከምትማር መንገድ ሥራ ብትማር ኖሮ ይሄን ጉድጓድ ትደፍንልን ነበር» አለው። ወንድሜ «ጉድጓዱም ታሪክ አለው» ብሎ መለሰለት። ሳቅን። አቧራው አፋችን ውስጥ እየገባ ሳቅን።

ወንድሜ ሊቀዳበት ስልኩን ሲያወጣ እትዬ ተጠራጠረች።

«ይሄ ነገር መንግሥት ጋ ይሄዳል?»

«አይሄድም እትዬ። መምህሬ ጋ ነው።»

«መምህርህስ የማን ነው?»

«የራሱ ነው።»

«የራሱ የሆነ ሰው አይቼ አላውቅም። እሺ ተቀመጥ። አንተ ደግሞ» አለችኝ እኔን፣ «ያንን ጋሪህን ከበሬ ላይ አንሳ፤ ገዢ አይገባም።»

ባጃጁን ወደ ጥላው ወስጄ ተመለስኩና ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። ስለዚህ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ስልኩ ከወንድሜ ጋር ሄዶ አልተመለሰም። እትዬ ያን ቀን ያለችውን አሁን የያዝኩት እኔ ነኝ።

«በዚያን ጊዜ» አለች፣ «ወረቀት ቶሎ አይመጣም ነበር። አንዳንዱ ጭራሽ አይመጣም። ሞተ ከተባለ የቀረው ይፈራል ብለው ነው፣ እኛ እንደዚያ ነው የምናስበው። ወሬው ግን ይመጣል። የቆሰለ ይመጣል፣ እሱ አይቷል። አባትህ ቆስሎ መጣ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ መጀመሪያ ለአባትህ ነው የሚነግረው። አባትህ አጣርቶ፣ አንድ ጓደኛውን ይዞ፣ ሳይነጋ ይመጣል።»

«ምን ብሎ ነው የሚናገረው?»

«ቆይ፣ አትቸኩል። አንድ ጎረቤት ነበረችን። ልጅ እግር ናት። እነሱ ሲገቡ ወጥ ጥዳ ነበር። ነገሯት። እሷ እሳቱ ላይ ወደቀች። ይሄ ሁሉ» አለችና ከትከሻዋ እስከ ክንዷ በእጇ አሳየችን፣ «ተላጠ። ሐዘኑን ሳትጨርስ ሐኪም ቤት ከረመች። ከዚያ ወዲህ አባትህ ቤት ሲገባ አንድ ቃል ከመናገሩ በፊት ድስቱን ያወርዳል። እሳቱን ያወጣል። ከዚያ ‹የቀመሽው ነገር አለ?› ይላል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምን ይናገራል? ድስቱ ከወረደ ማን ያልገባው አለ? እኔ ሽሮ ጥጄ ነበር። ገባ፣ በጋቢው ጫፍ ያዘና አወረደው። ‹እናንተ ሰዎች፣ ሽሮዬን ምን አደረጋችሁት› አልኩ። እንደዚያ ብዬ አፌን ሳልዘጋ ገባኝ።»

በርበሬዋን በእጇ ደለደለችው።

«እስከ ዛሬ ድስቴን ሌላ ሰው ሲያወርድልኝ አልወድም። እኔ ብቻ አይደለሁም፣ በዚህ ረድፍ ያለን ሁላችንም ነን። እናትህም።»

ወንድሜ ጣቱን፣ እማዬ የመታችውን ቦታ፣ እያሸ ነበር። ከዚያ እንዴት ቀስ ብሎ እንደጠየቃት አስታውሳለሁ። «ይሄን ድስት ማውረድ አባባ ናቸው የጀመሩት ወይስ ከእሳቸው በፊት የነበሩ ወታደሮችም ያደርጉት ነበር? በንጉሡ ጊዜ የነበሩት?»

«እኔ ምን አውቄ? አባትህን ጠይቅ። የእኔን ያወረደው እሱ ነው።»

ባጃጁ ውስጥ ሲገባ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ ግን ደስ ብሎት ነበር። ሁለቱም አንድ ላይ። «ይሄ የትም አልተጻፈም» አለኝ። «ገባህ? አንድ ሃምሳ አለቃ አንዲት ሴት እንዳትቃጠል ብሎ ድስት አወረደ፤ ይኸው አንድ ሰፈር ሙሉ ሴት ድስቷን አታስነካም። ጦርነቱ አልቋል፣ ጦሩ ተበትኗል፣ ነውሩ ቀርቷል። ይሄ ነው ታሪክ ማለት።»

እኔ «እሺ» አልኩ። እውነቱን ለመናገር ያኔ ብዙም አልገባኝም።

ምሳ ላይ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አደረገና አባባን ጠየቃቸው። አባባ መጀመሪያ ቆባቸውን አውልቀው ስልኩን ከደኑበት።

«አባባ፣ ድስቱን ማውረድ ማን አስተማረዎት?»

የአባባ እጅ ትሪው ላይ ቆመ። እማዬ ውኃ ላምጣ ብላ ተነሳች። ውኃው ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«ማን ነገረህ?»

«እትዬ።»

«እትዬ አፏ ሰፊ ነው። ይሄ ነው ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩህ? የሰው ድስት?»

«አዎ አባባ። ማኅበራዊ ታሪክ ነው።»

«የጦር ታሪክ ነው ያልከኝ።»

«ሁለቱም ነው።»

«እንግዲያው ጦርነቱን ጠይቀኝ። የት እንደተመታሁ፣ በምን እንደተመታሁ፣ አዛዡ ማን እንደነበር ልንገርህ።»

«እሱን ሌላው ሁሉ ጽፎታል። ይሄን ግን ከእርስዎ በቀር የሚነግረኝ የለም።»

አባባ ብዙ ጊዜ አይቆጡም። ያን ቀንም አልተቆጡም፣ ድምፃቸው ወረደ እንጂ። «ስማ ልጄ» አሉ። «እኔ የሰው ቤት በዚያ ሰዓት ገብቼ ያየሁትን አላወራም። የሚጠሩኝ ስለማላወራ ነው። ዛሬ ለአንተ ብነግር፣ አንተ ብትጽፈው፣ ነገ የማንን በር አንኳኳለሁ?»

ወንድሜ ስልኩን ከቆባቸው ሥር ወስዶ ኪሱ ከተተው። አባባም ሲያዩት አሳዘናቸው መሰለኝ።

«ከፈለግህ ዶሎ ሂድ» አሉት። «ዶሎ ኦዶ ጓደኛዬ አለ፣ የስደተኛ መጠለያው ጋ ዘበኛ ነው። አብረን ነበር የምንገባው። እሱ አፉ አያርፍም፣ ሁሉንም ይነግርሃል። የእኔን ስም ሳታነሳ ጻፈው።»

ይሄን ነው ያሉት። እኔም ሰምቻለሁ። አባባ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ይሄን ቃል ደግመው አንስተውት አያውቁም፣ እኔም አንስቼባቸው አላውቅም።

ወንድሜ እኔን አየኝ። «ዛሬ የሚሄድ መኪና አለ?»

ነበረ። ሽንኩርትና ድንች ጭኖ ወደ ዶሎ የሚሄድ አይሱዙ ከምሳ በኋላ ይወጣል፤ ሾፌሩን አውቀዋለሁ። መናኸሪያው ጋ አደረስኩት። ከአንድ ሹራብ፣ ከስልኩና እማዬ ከቋጠረችለት ዳቦ በቀር ምንም አልያዘም። ጋቢና ውስጥ መሀል ላይ አስቀመጡት። ረዳቱ ከላይ ሽንኩርቱ ላይ ነበር።

«ማክሰኞ እመለሳለሁ፤ ትቀበለኛለህ አይደል፣ ሾፌር?»

«ወረፋ ይዘህ ነዋ፣ ዶክተር።»

«ታላቅ ወንድም ወረፋ አይዝም።»

«ታሪክ ነው ይሄ፣ የንጉሡ ጊዜ አለፈ።»

በጣም ሳቀ። ይሄ ቀልድ የእኔ ስለነበረ ደስ አለኝ። አይሱዙው ጭሱን ለቆብን ወጣ። እኔ ሁለት የገበያ ሴቶች ጫንኩና ሄድኩ። ዞሬ አላየሁም፣ ምን ብዬ አያለሁ?

ከሰዓቱ እንደ ማንኛውም ቅዳሜ ነበር። ሙቀት፣ አቧራ፣ የግመል ወተት የያዙ ሴቶች፣ ከካምፑ ለእረፍት የወጡ ወጣት ወታደሮች። ፀሐይ ልትገባ ስትል ባጃጆቹ የሚቆሙበት ቦታ ላይ ጎማ እየነፋሁ ሳለ ቲቸር መጣ። ቲቸር የእድራችን ሰብሳቢ ነው፣ ጡረታ የወጣ መምህር። እኔንም ወንድሜንም አስተምሮናል። ነጂዎቹ ዞር ዞር አሉ። እነሱ ከእኔ ቀድመው ሰምተው እንደነበር ኋላ ነው ያወቅኩት።

«ና እስቲ» አለኝ። እዚያ ካለ ግንብ ጀርባ ወሰደኝ።

«ጎማውን ልጨርስ፣ ቲቸር።»

«ተወው ጎማውን።»

ነገረኝ። መኪናው ከፊልቱ ወዲህ ተገልብጧል። ጋቢና ውስጥ ከነበሩት የተረፈ የለም። ረዳቱ ተርፎ ስልክ የሚሠራበት ቦታ ድረስ ሄዶ ደውሏል። አስከሬኑን ነገ ጠዋት ያመጡታል። ይሄን ሲነግረኝ ትከሻዬን ይዞ ነበር፣ አጥብቆ። እኔ የማየው የሸሚዙን ቁልፍ ነበር። አንዱ ቁልፍ ከሌሎቹ የተለየ ነው።

«ጩህ ብልህ ደስ ይለኝ ነበር» አለ ቲቸር። «ግን አትጩህ። እናትህና አባትህ ጋ መግባት አለብህ። ፊትህን ታጠብ። እራት ብላ። ካልበላህ ያውቃሉ።»

«አሁን ለምን አንነግራቸውም?»

«ልጄ፣ በሌሊት መርዶ አይነገርም። ይደሩ። አንድ ሌሊት ይተኙ።»

ሌሎች ሁለት የእድሩ ሽማግሌዎችም መጡ። እዚያው ቆመው ሲነጋገሩ ሰማኋቸው።

«ማን ይናገረው?»

«ማን አለ ከሃምሳ አለቃ ሌላ?»

«ለሃምሳ አለቃስ ማን ይናገር?»

ሰፈሩ ስንት ዘመን መርዶ የሚነግር አንድ ሰው ብቻ ነበረው፤ ለእሱ የሚነግር አላዘጋጀም። በመጨረሻ እንዲህ ተስማሙ። ጠዋት እንደ ሁልጊዜው በራቸው ላይ ቆመው ይጠሯቸዋል፣ ለሌላ ቤት መርዶ የሚሄዱ መስሏቸው ይወጣሉ፣ የእድሩ መጋዘን ጋ ይወስዷቸውና እዚያ ይነግሯቸዋል። ከዚያ ይዘዋቸው ይመለሳሉ። የእድሩ ጥሩምባም እስከዚያ አይነፋም። ለእኔ «አንተ ከእናትህ አትለይ፣ የሆነ ነገር መቅመሷን እይ» አሉኝ።

እራት በላሁ። ምን እንደነበር አላውቅም፤ በላሁ። እማዬ «ደወለ እንዴ?» አለች።

«በዚያ በኩል ኔትወርክ የለም» አልኳት።

«የቋጠርኩለትን በልቶት ይሆን?»

«በልቶታል።»

አባባ ሬዲዮናቸውን ዘጉ። ቀኑን ሙሉ ሲያብሰለስሉት የዋሉት ነገር እንዳለ ያስታውቅ ነበር። «ሲደውል» አሉኝ፣ «ተመለስ በለው። ያ ሰውዬ ውሸት ይቀላቅላል። እኔ እነግረዋለሁ በለው። በዚያ ስልክ ግን አይቅዳኝ፣ በእጁ ይጻፍ።»

«እሺ አባባ» አልኩ።

ከዚያ ተኛን። ያንን ሌሊት አልጽፈውም።

ሳይነጋ በሩ ላይ መጡ። «ሃምሳ አለቃ» አለ ቲቸር። ድምፁ እንደ ሁልጊዜው ነበር፤ እንዴት እንደቻለ አላውቅም። አባባ ወዲያው ተነሱ። ፊታቸውን ሲታጠቡ ሰማሁ። ጋቢያቸውን ለበሱ፣ ቆባቸውን አደረጉ። እኔ ተኝቼ ዓይኔን በጥቂቱ ከፍቼ አያቸዋለሁ።

«እንደምን አደሩ» አሉ አባባ በሩ ላይ። «የማን ቤት ነው?»

«እየሄድን እንነግርዎታለን።»

«ሴትየዋ ብቻዋን ናት ወይስ ሰው አላት?»

«ሰው አላት» አለ ቲቸር። «ልጇ አብሯት አለ።»

«ጥሩ ነው» አሉ አባባ። «ልጅ ካለ ጥሩ ነው።»

ሄዱ። የጫማቸው ድምፅ በረድፉ ላይ እየራቀ ሄደ። እማዬም ነቅታ ነበር። «ማን ይሆን ምስኪን?» አለች ለራሷ፤ ከዚያ ተነስታ ነጠላዋን ደረበች፣ ከሰሉን አያያዘች። እኔም ተነስቼ ምድጃው አጠገብ ተቀመጥኩ። ቂንጬውን ጣደች። ከትናንት የተከካ ስንዴ ተርፎ ነበር።

በሩ ክፍት ነው። ውጭው እየገረጣ ነው። ካምፑ ውስጥ መለከት ተነፋ፣ እንደ ወትሮው። እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። አሁን ይመለሳሉ። እማዬ ምድጃው አጠገብ ጉልበቷን አጥፋ ቁጭ ብላለች። ድስቱ እየፈላ ነው። እትዬ ከትከሻዋ እስከ ክንዷ በእጇ ያሳየችንን አያለሁ። ያቺን ልጅ እግር ሴት አያለሁ። የተላጠውን ቆዳ አያለሁ። ሌላ ነገር አእምሮዬ ውስጥ የለም። «እናቴ መቃጠል የለባትም» እላለሁ።

«ትንሽ ዳቦ ብዪ እማዬ» አልኳት።

«ቂንጬው ይድረስ፣ አብረን እንበላለን።»

«አሁን ቅመሺ።»

«ምን ሆነሃል ዛሬ?»

ከሩቅ የሰዎች እግር ሰማሁ። ብዙ ሰው ነው። ቀስ ብለው ነው የሚመጡት። የሸሚዜን ጫፍ ጎትቼ ድስቱን በሁለት እጄ ያዝኩና ከእሳት ላይ አወረድኩት። መሬት ላይ አስቀመጥኩት።

እማዬ ማማሰያውን አነሳች። «እጅህን…» አለች።

ማማሰያው አልወረደም። አየር ላይ ቀረ። መጀመሪያ ድስቱን አየችው። ከዚያ እጄን። ከዚያ ፊቴን። አባባ አሁን በእግራቸው ከቤት ወጥተዋል። እኔ ፊቷ ተቀምጫለሁ። ሌላ የቀረ ሰው አንድ ብቻ ነው።

ያኔ ነው ምን እንዳደረግኩ የገባኝ። እሷም የዚህ ረድፍ ሴት ናት።

«ኢልማ ኮ» አለች። ልጄ ማለቷ ነው። የትኛችንን እንደጠራች አላውቅም። ድምፅዋ ከፍ አላለም።

«እማዬ…»

«መልሰው።»

«እማዬ፣ እኔ…»

«መልሰው አልኩህ። ድስቱን መልሰህ ጣደው።»

የእግር ድምፁ በራችን ላይ ደርሶ ቆመ። አባባ ሲያስሉ ሰማሁ። ሁልጊዜ የሰው ቤት ከመግባታቸው በፊት እንዲህ እንደሚያስሉ ያኔ ነው ያወቅኩት።

ድስቱን አንስቼ ምድጃው ላይ መለስኩት። ከሰሉ አመድ ለብሶ ስለነበር ማራገቢያውን አነሳሁና አራገብኩት።